ነፍሰ ጡር ይዤ ደሴት ልሂድ ወይስ ይቅርብን?

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች፤ አሁን 25ኛ ሳምንቷ ነው። ልጁ ሳይመጣ ለብቻችን አንድ ሳምንት ደሴት ላይ እንረፍ ብለን ትኬት ቆርጠናል። በረራው ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። ብዙ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ የሐኪም ደብዳቤ እንደሚጠይቁ ያወቅኩት ግን ትናንት ማታ ነው። (ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ወቀሳውም የኔው ነው።)

ደብዳቤውስ ይገኛል። እንቅልፍ የነሳኝ ጀልባው ነው። ከአየር ማረፊያው ወደ ሆቴላችን የሚያደርሰን ፈጣን ጀልባ ነው፤ 40 ደቂቃ ሙሉ ማዕበል ላይ እየዘለለ። ሆቴሉን ብጠይቅ “ችግር የለውም” ብለው አሰናበቱኝ። ደሴቷ ላይ ደግሞ አንዲት ነርስ እንጂ ሆስፒታል የለም። ባለቤቴ “ኧረ አታካብድ” ትለኛለች።

እርጉዝ ሆናችሁ እንዲህ ባለ ጀልባ የሄዳችሁ አላችሁ? ከኋላ መቀመጥ መንገጫገጩን ይቀንሳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ለውጥ አለው? ወይስ ሆስፒታል ቅርብ ወደሆነ ደሴት ልቀይረው? የጉዞ መድን የገዛችሁስ፣ ያለጊዜው የመጣ ምጥን ይሸፍንላችኋል? ሐሙስ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ አለን። ምን ምን ልጠይቅ? እባካችሁ ከዚያ በፊት ድረሱልኝ።