የሲሚንቶ ፋብሪካችን በዓመት ስንት ካርቦን ይለቃል ተብለናል፤ በኛ ሀገር ሕግ ሪፖርቱ ግዴታ ነው?

ጠያቂ፦ ባግፊልተር

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ የአካባቢና ደህንነት ክፍል ነው የምሰራው፣ የተመረቅኩት በኬሚስትሪ ነው፣ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እስካሁን ሥራዬ አቧራ ነበር በቃ፣ የጭስ ማውጫውን የብናኝ ልኬት መመዝገብ፣ ፊልተሩ ሲቀደድ ለጥገና መጻፍ፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ለአካባቢ ጥበቃ ሪፖርት ማዘጋጀት። አሁን ፋብሪካው ለማስፋፊያ ከውጭ ብድር ጠይቋል እና አበዳሪው በዓመት ስንት ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደምንለቅ አምጡ አለ። ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶኝ "ይሄ በሕጋችን አለ እንዴ? ከሌለ ለምን እንሰጣለን?" ሲለኝ መልስ አጣሁ፣ እውነት ለመናገር ደነገጥኩ። አንዱ ባልደረባዬ ደግሞ አውሮፓ ወደዛ በሚገባ ዕቃ ላይ ያወጣው የድንበር ካርቦን ክፍያ ነው ይላል፣ እኛ ግን የምንሸጠው እዚሁ ሀገር ውስጥ ነው።

ሌላው ጭንቀቴ መዝገባችን ነው። ምርቱ የሚመዘገበው በኩንታል ነው፣ ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፣ የከሰሉ ደረሰኝ ያለው ግዢ ክፍል ነው፣ የከሰሉ ጥራት ውጤት ደግሞ ላብራቶሪ። ከየት ልጀምር? የምታውቁ እባካችሁ።

የቀድሞ ኢንስፔክተር

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። እኔ ለብዙ ዓመት በአንድ ክልል አካባቢ ጥበቃ ውስጥ ፋብሪካ ስቆጣጠር ነው የኖርኩት። ዋናዎቹ ሕጎች የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 እና የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 ናቸው፣ ከዛ ደግሞ የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ 159/2001 አለ። ደንቡ ፋብሪካው ራሱን በራሱ እንዲከታተል፣ መዝገብ እንዲይዝ፣ ሪፖርት እንዲያቀርብ ያስገድዳል፣ አንቺ በየዓመቱ የምታዘጋጂው ሪፖርት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ግን ለሲሚንቶ የወጣው የልቀት ደረጃ የሚያየው አቧራውን፣ የሰልፈሩንና የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ነው። በኔ ዘመን በእጄ ባለፈው ፎርም ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቶን የሚሞላበት ሳጥን አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ለአለቃሽ እንዲህ በይው፦ ሪፖርት የማድረግ ግዴታው በሕጋችን አለ፣ የካርቦን ቁጥሩን አሁን የጠየቀው ግን አበዳሪው ነው። የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ባወጣው መስፈርት በዓመት ከ25,000 ቶን በላይ የሚለቅ ፕሮጀክት ልቀቱን በየዓመቱ እንዲያሰላ ይጠይቃል፣ ሌሎች አበዳሪዎችም እሱን ነው የሚከተሉት። ሲሚንቶ ፋብሪካ ሆኖ ከዛ በታች መሆን ዘበት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አንዴ ሳናሳውቅ አንድ ፋብሪካ ገባን፣ አዋጁ ይፈቅዳል። መዝገቡን አምጡ ስንል ቶሎ አመጡልን፣ ደስ አለን፣ ገልጠን ስናይ የአስራ ሁለት ወሩ ልኬት በአንድ እስክሪብቶ በአንድ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው፣ ቀለሙ ገና ጣት ላይ ይለቅ ነበር። አንቺ እንደዛ እንዳታደርጊ። ያልተለካ ወር ካለ ያልተለካ ብለሽ ጻፊ፣ እኛ ለእንደዚህ አይነቱ ፋብሪካ ነበር ጊዜ ሰጥተን አብረን የምንሰራው።

ክሊንከር

እህቴ ሰላም፣ እኔ ፕሮሰስ ላይ ነኝ ሌላ ፋብሪካ። አትጨነቂ፣ የምትፈልጊው ቁጥር አብዛኛው ሲሲአር (ዋናው መቆጣጠሪያ ክፍል) ውስጥ አለ። የሲሚንቶ ካርቦን ከሁለት ቦታ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ከነዳጁ፣ ትልቁ ግን ከድንጋዩ ከራሱ ነው። የኖራ ድንጋይ ኪልን (ትልቁ ማቃጠያ ምድጃ) ውስጥ ሲቃጠል ካልሲየም ኦክሳይድ ሆኖ ይቀራል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ከሰሉን በሌላ ነዳጅ ብትተኪው እንኳን ይሄኛው አይቀርም። የአየር ንብረት ለውጥ መንግሥታት ፓነል እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ቶን ክሊንከር (ከኪልኑ የሚወጣው፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው) 0.52 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብሎ ያስቀመጠው መነሻ ቁጥር አለ፣ የራሳችሁ ላብራቶሪ የክሊንከሩን ካልሲየም ኦክሳይድ በየቀኑ ስለሚለካ ከሱ ብታሰሊው ደግሞ የበለጠ ይሻላል።

እስቲ በኩንታል ልስጥሽ። 1,000,000 ኩንታል ክሊንከር ማለት 100,000 ቶን ነው፣ ከድንጋዩ ብቻ 52,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከዛ ነዳጁ፣ ኪልኑ ለአንድ ቶን ክሊንከር 3.5 ጊጋጁል (የሙቀት መለኪያ ነው) ይበላል ብንል እና ከሰሉ በጊጋጁል 94.6 ኪሎ ቢለቅ ወደ 33,000 ቶን ይመጣል። ድምር ወደ 85,000 ቶን።

አሁን ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። አንደኛ 0.52ቱን በሲሚንቶ ቶን እንዳታባዢው፣ በክሊንከር ነው። ፒፒሲ (ድብልቁ ሲሚንቶ) ውስጥ ፑሚስ (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አለ፣ ጅፕሰም አለ፣ እነሱ ኪልን አልገቡም፣ በሲሚንቶ ካባዛሽ ያልለቀቃችሁትን ለቀናል ብላችሁ ትፈርማላችሁ። ክሊንከር ከሌላ ገዝታችሁ ከፈጫችሁ ደግሞ እሱ የሻጩ ልቀት ነው።

ሁለተኛው ከሰሉ ነው፣ እዚህ ላይ በጣም ጊዜ ስጪው። አሁን ብዙዎቻችን የሀገር ውስጥ ከሰል ነው የምናነደው፣ ከዳውሮም ከሌላም፣ መኪና በመኪና ይለያያል። ሚዛኑ ላይ የሚመዘነው እርጥቡ ነው፣ በክረምት የመጣውን ከሰል በእጅሽ ብትጨብጪው ውሃው በጣቶችሽ መሃል ይወርዳል እኮ። ላብራቶሪው ደግሞ ናሙናውን አድርቆ ነው የሙቀት መጠኑን የሚለካው። እርጥቡን ቶን በደረቁ የሙቀት መጠን ካባዛሽው ውሃውንም እንደ ከሰል ቆጠርሽው ማለት ነው፣ እርጥበቱ 15 በመቶ ከሆነ ስህተቱም እዛው አካባቢ ነው። ስለዚህ ወይ ሁለቱንም በእርጥቡ ወይ ሁለቱንም በደረቁ። ደሞ የተገዛውን አይደለም የተቃጠለውን ነው የምትፈልጊው፣ ሐምሌ 1 ያለውን የከሰል ክምር እና ሰኔ 30 ያለውን አስለኪ። የቡና ገለባ የምትቀላቅሉ ከሆነ የሱን ለብቻው ጻፊው፣ ከድምሩ ውስጥ አይገባም።

መብራቱንም ይጠይቁሻል፣ ግሪዱ በአብዛኛው ከውሃ ስለሆነ ትንሽ ነው የሚሆነው፣ የጄኔሬተሩን ናፍጣ ግን አትርሺ።

ሲያትል ቦይለር

ሰላም ወገኖች፣ እኔ ከሲያትል ደቡብ አንድ የምግብ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ነው የምሰራው፣ የካርቦን ልቀት ሪፖርቱን በየዓመቱ ከማኔጀሬ ጋር የምናዘጋጀው እኔ ነኝ። ዋሽንግተን ስቴት የራሱ ሕግ አለው፣ በዓመት 10,000 ሜትሪክ ቶን እና ከዛ በላይ የሚለቅ ፋብሪካ እስከ ማርች 31 ለስቴቱ ኢኮሎጂ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ያደርጋል፣ 25,000 የደረሰ ደግሞ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ለለቀቀው ልክ የልቀት ፈቃድ መያዝ አለበት፣ ሪፖርቱንም ገለልተኛ መርማሪ ያየዋል። በኖቬምበር 2024 ሕጉ ይሻር ተብሎ ሕዝብ ድምጽ ሰጥቶበት ሳይሻር ቀርቷል። በአሜሪካ ፌደራል ደረጃ ደግሞ ሲሚንቶ ፋብሪካ መጠኑ ምንም ቢሆን ሪፖርት ያደርግ ነበር፣ በሴፕቴምበር 2025 ግን የፌደራሉ መሥሪያ ቤት ፕሮግራሙን በአብዛኛው ላስቀር ብሎ ሐሳብ አቅርቧል፣ የስቴቱ ግን እንዳለ ነው።

ይሄን የምልሽ ለምንድነው፣ መርማሪው ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስንት ለቀቃችሁ ብሎ አይደለም፣ የጋዝ ቆጣሪው መቼ ነው የተፈተሸው የምስክር ወረቀቱን አሳየኝ ነው ያለኝ። እናንተም ጋር የከሰል ሚዛኑ መቼ እንደተፈተሸ ወረቀት ያዢ፣ ከቁጥሩ በፊት እሱን ነው የሚያዩት።

ፍራንክፈርት

የድንበር ክፍያውን በተመለከተ ባልደረባሽ ግማሹን ልክ ነው። ሕጉ ሲሚንቶን ይጨምራል፣ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማዳበሪያ፣ ኤሌክትሪክና ሃይድሮጅንም አሉበት። ከኦክቶበር 2023 እስከ 2025 መጨረሻ ሪፖርት ብቻ ነበር፣ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ክፍያ አለው። ግን ግዴታው ያለው ወደ አውሮፓ ኅብረት በሚያስገባው ነጋዴ ላይ ነው፣ እሱ ነው አምራቹን ቁጥር ስጠኝ የሚለው። ሀገር ውስጥ ብቻ ከሸጣችሁ አይነካችሁም።

አንድ ተመልካች

ይቅርታ አድርጉልኝና እኛ ለዓለም የምንለቀው ስንት ሆኖ ነው በዚህ ፋብሪካ የምናስጨንቀው? ሲሚንቶ ስንት ጊዜ ጠፍቶ ቤት የጀመረ ሁሉ ብረቱ ዝጎ ቀርቶበት የለ። መጀመሪያ ይመረት።

የቀድሞ ኢንስፔክተር

ወንድሜ ስሜትህ ይገባኛል፣ እኔም ቤት ስሰራ ሲሚንቶ ፍለጋ ስንት ቦታ ተንከራትቻለሁ። ግን እዚህ ማንም ምርት ይቀንስ አላለም። ሀገራችን በ2021 እንደ ፈረንጆቹ ለፓሪስ ስምምነት ባስገባችው ሰነድ በ2030 ልቀቷን ምንም ካልተሠራ ሊደርስበት ከሚችለው 68.8 በመቶ ልቀንስ ብላለች፣ አብዛኛው ግን የውጭ ድጋፍ ከተገኘ ነው የሚለው። ያንን ድጋፍ ስንጠይቅ የኢንዱስትሪው ቁጥር ከየት ይምጣ? ከፋብሪካው ካልመጣ ሌላ ሰው ቢሮ ተቀምጦ በግምት ይሞላልናል። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ባግፊልተር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ እርስዎንም በተለይ። ትናንት ላብራቶሪ ሄጄ ነበር፣ የከሰሉ እርጥበት ከመስከረም ጀምሮ በእጅ በደብተር ተጽፎ አገኘሁት፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን የለም፣ በጣም የሚረጥብበት ወቅት ደግሞ እሱ ነው። ያልተለካ ብዬ ነው የምጽፈው። የሚዛኑን የፍተሻ ወረቀት ግዢ ክፍል እየፈለጉልኝ ነው። አበዳሪው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው የሚለው፣ ስለዚህ ከዕለታዊው መዝገብ ከታኅሣሥ 23 ጀምሬ እየደመርኩ ነው፣ ክሊንከር ወንድሜ የጳጉሜን ምርት ከነሐሴ ጋር ይሁን ለብቻው፣ እናንተ ጋር እንዴት ነው የምትይዙት?

ክሊንከር

ለብቻው ያዢው፣ እኛ ከነሐሴ ጋር ደምረነው የአምስት ቀኑን ከሰል ሁለት ጊዜ ቆጥረን ነበር።