ሦስት ውሾችን አንድ ላይ ማንሸራሸር

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ሰፈር የምኖር ስሆን፣ ጠዋት ሦስቱን ውሾቼን ይዤ ስወጣ የጎዳና ውሾች ሲጮኹባቸው ትንሿ ገመዷን በእግሬ ላይ እየጠመጠመች ሁለቱንም ትረብሻቸዋለች። እንዴት ላሰልጥናቸው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ላይ ከማውጣትዎ በፊት እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ያለማምዱ፤ ገመዱ ሲወጠር ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ሲላላ ብቻ ይራመዱ፤ የጎዳናውን ውሻ ትታ ወደ እርስዎ በዞረችበት ቅጽበት ቁራሽ ሥጋ ይስጧት። የእኔዋ የተገራችው በዚህ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

መልስ፦ በተባለው እስማማለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸውንም በየዓመቱ ያሳድሱ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ፣ እባክዎ ሳይነጋ ወደ ውኃው ዳር አይውሰዷቸው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገ ትንሿን ለብቻዋ አወጣታለሁ።