በጎርፍ ለተጎዱ ከብቶች ማሳከሚያ የሚሰጥ ገንዘብ አለ እንዴ? (ደምበጫ አካባቢ)

የተምጫ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ ጉዳዩ ግን የአጎቴ ነው። ደምበጫ ወረዳ፣ ተምጫ ወንዝ ዳር ነው የሚያርሱት። ሰሞኑን ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ወጣና ሁለት ጊደሮች ይዞ ሄደ። የቀረችውን የጭድ ክምርም ጠራርጎ ወሰዳት። የግጦሹን መስክ ደለል አልብሶታል፣ ሳር የሚባል ነገር አይታይም።

በሬዎቹ ተርፈዋል። አንዱ ግን ከበረት ጥሶ ሲወጣ የኋላ እግሩን ቆርቆሮ ተልትሎታል። አክስቴ በነጠላ ቁራጭ ጠምጥማለት፣ ጨርቁ ዞሮ ዞሮ ሰኮናው ላይ ይወርዳል፣ ዝንቡ ደግሞ አልቻል አለ። ላሟ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ታስላለች፣ መብላትም ቀንሳለች። የእንስሳት ጤና ኬላው ዘንድ ሲሄዱ "መድኃኒት የለም፣ ከከተማ ግዙ" ተባሉ። ከተማ ያለው ዋጋ የሚቀመስ አይደለም።

ቀበሌው ሰዉን መዝግቧል፣ እህልና ብርድ ልብስ ይመጣል ተብሏል። ስለ ከብቶቹ ስንጠይቅ "እሱ ገና ነው" ነው መልሱ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ለከብት ማሳከሚያ ወይም ለመኖ መግዣ የሚሰጥ መንግሥትም ሆነ ድርጅት አለ? ወይስ በሬውን ሸጦ መገላገል ይሻላል? አጎቴ ጊደሮቹን የገዙት በብድር ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው።

---

የከብት ሐኪም ነኝ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው የምሠራው።

ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። "ለከብት ማሳከሚያ" ተብሎ በገበሬው እጅ የሚቆጠር ብር እኔ በሠራሁባቸው ወረዳዎች አላየሁም። የሚመጣው በዓይነት ነው፦ የክትባት ዘመቻ፣ መድኃኒት፣ አልፎ አልፎ መኖ። ይህም የሚመጣው የጉዳት ዝርዝር ከቀበሌ ወደ ወረዳ ግብርና፣ ከዚያም ወደ አደጋ መከላከል ሲወጣ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሰው ቁጥር ብቻ ከተጻፈ ከብቱ የለም ማለት ነው። ስለዚህ አጎትህ ዛሬ ነገ ሳይሉ የቀበሌውን የእንስሳት ባለሙያ በረታቸው ድረስ ይውሰዱት። የሞተው፣ የቆሰለው፣ የጠፋው መኖ፣ ሁሉም በጽሑፍ ይያዝ፣ ማኅተም ይረፍበት፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ቤት ይቅር። የቃል ምዝገባ ምዝገባ አይደለም።

አሁን ወደ ከብቶቹ። የበሬውን እግር ውኃ አፍልታችሁ፣ ጨው ጨምራችሁበት ለብ ሲል ጭቃው እስኪወጣ እጠቡት። አመድና በርበሬ እንዳታስነሰንሱበት፣ እበትማ ጨርሶ። ነጠላው የሚወርደው ሰኮናው ድረስ ስላልተጠመጠመ ነው፣ ከታች ወደ ላይ ጠምጥሙት፣ በየቀኑም ለውጡት። እግሩን የሚያስረግጥ ከሆነ ይድናል፣ ቸኩላችሁ አትሽጡት። አንጠልጥሎ የሚቆም ከሆነ ግን ሐኪም ሳያየው ምንም አትወስኑ።

ላሟ ታሳስበኛለች። ብርድና ጭቃ ያደከመው ከብት ላይ የሳንባ ምች ይገባል፣ ጎሮርሳም (ጉሮሮ የሚያሳብጠው የከብት በሽታ) በዚህ ወቅት ነው የሚነሳው። ጉሮሮዋ ሥር ካበጠ፣ ምራቋን ካዝረበረበች፣ አተነፋፈሷ ከከበደ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ገበያ ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ኦክሲ (የአንቲባዮቲክ መርፌ) ገዝታችሁ በግምት አትውጉ፤ ፀሐይ ሲመታው የከረመ መድኃኒት ብር ከማባከን ውጪ ጥቅም የለውም።

ሌላው መንደሩ ሁሉ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ጎርፍ መሬት ውስጥ የተቀበረውን የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ በሽታ (ከብት በድንገት የሚገድሉ ናቸው) ያወጣዋል። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የወጣ ከብት ካያችሁ አትግፈፉት፣ አትብሉት፣ ለውሻም አትስጡ። በጥልቀት ቅበሩትና ለጤና ኬላው ተናገሩ። የቀሩትን ደግሞ አስከትቡ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ ዋጋውም ከሕክምና ጋር አይወዳደርም። አርባ ሃምሳ አባወራ አንድ ላይ ሆኖ ወረዳውን ሲጠይቅ ይመጣል፣ አንድ ሰው ብቻውን ቢመላለስ ግን "ዘመቻ ሲኖር" ይባላል።

ስለ ጉበት ትል የምታስቡ ከሆነ ለአሁን ተዉት። እሱ የሚመጣው ረግረጉ ላይ ሲግጡ ቆይተው ነው፣ ኅዳር ታኅሣሥ ላይ አገጫቸው ሥር ሲያብጥ ታዩታላችሁ። የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው፣ አሁን ብትሰጡት ብሩን ወንዝ ላይ መጣል ነው።

---

ጎዛምን

ሐኪሙ ጥሩ ብሏል ግን ወረዳ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? እኛ አገር ገደል የገባ በሬ ሲገኝ ታርዶ ጎረቤቱ ሥጋውን ይከፋፈላል፣ ባለቤቱ ሌላ በሬ እንዲገዛ እያንዳንዱ የድርሻውን ይከፍላል። ኮሚቴ የለው፣ ፎርም የለው።

ችግሩ አሁን ፍልሰታ ነው። እስከ ነሐሴ 16 ሥጋ የሚበላ የለም፣ የታመመ በሬ ገበያ ብትወስዱም ነጋዴው በሩብ ዋጋ ነው የሚጠይቃችሁ። የጤፍ ዘር ደግሞ አላለቀም። አንድ ጤነኛ በሬ ካላቸው እንደሳቸው ነጠላ የቀረ ሰው ፈልገው መቀናጆ ይግቡ፣ የቆሰለው ይረፍ። እድሩንም ጠይቁ። ብዙ ቦታ እድር ለሰው ሞት ብቻ ነው፣ ግን ሽማግሌዎቹ ከተስማሙ ለመድኃኒት በብድር መልክ ይሰጣሉ፣ እኛ ሰፈር ተደርጓል።

---

ከሚኒሶታ

የጎጃም ልጅ ነኝ፣ አሁን አሜሪካ ነኝ። እዚህ ያለውን ልንገራችሁ፣ አገራችን ላይ የለም እንዳትሉኝ፣ የማነሳው ለሌላ ነገር ነው።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በአውሎ ነፋስ፣ በጎርፍ፣ በበረዶ ከብቱ ለሞተበት ገበሬ የገበያ ዋጋውን 75 በመቶ የሚከፍልበት ፕሮግራም አለው። ቆስሎ በቅናሽ የተሸጠ ከብትም ይታሰባል። ለሐኪም የወጣውን ግን በዚያ አይከፍሉም፣ እዚህም ማሳከሚያ በራስህ ኪስ ነው። ለውሻና ለድመት ሕግ የወጣው እንኳ በ2005 በካትሪና ጊዜ ሰዎች እንስሶቻችንን ትተን አንወጣም ብለው ጎርፍ ውስጥ ከቀሩ በኋላ ነው፣ በ2006 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)።

ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ፣ እዚህ ገንዘቡን የሚያገኘው ማስረጃ ያለው ነው። ከአደጋው በፊት ስንት ከብት ነበረህ? ማን ያውቃል? ፎቶ አለህ? መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ነው። አጎትህ ጋ ስልክ ያለው ልጅ ካለ ዛሬውኑ የበሬውን እግር፣ ባዶ የቀረውን የክምር ቦታ፣ ደለሉን፣ ሁሉንም ያንሳ። ጊደሮቹ ሲገዙ የነበረው የገበያ ደረሰኝም የትም አይጣል። ነገ ድርጅት ቢመጣ ወይም እኛ ውጭ ያለነው ብር ብናዋጣ "ለማን ነው?" ሲባል የምናሳየው ይኖራል። ማዋጣቱን በተመለከተ እኔ ዝግጁ ነኝ፣ ግን ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመንደሩ መድኃኒት ቢሆን እመርጣለሁ።

---

ቦረና ሠርቻለሁ

እዚያ ያየሁትን ልጨምር። በ1998 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ሞያሌ አካባቢ የተሠራው ከብት ማከም አልነበረም፣ ሳይሞት መግዛት ነበር። ነጋዴዎች ብድር ተሰጥቷቸው 20 ሺህ ገደማ ከብት ከአርብቶ አደሩ ገዙ። ሰዉ ባገኘው ብር እህል ገዛ፣ ከፊሉን ደግሞ ለቀሩት ከብቶች መኖ፣ መድኃኒትና ማጓጓዣ አዋለው። ማለቴ፣ አንዱ ከተሸጠ ሌሎቹ ይተርፋሉ፣ ግን መሸጥ ያለበት ሥጋ ሳለው ነው፣ አጥንቱ ከወጣ በኋላ አይደለም። በእናንተ በኩል የሚሸጠው በሬው ሳይሆን ሌላ የማያርስ፣ የማይታለብ ካለ እሱ ነው።

ኢንሹራንስ ለምን የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ቦረና ላይ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው በሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ እያየ የሚከፍል ነው። ለድርቅ እንጂ ለጎርፍ አይሆንም። ተምጫ ሲሞላ ሳሩ ከላይ ሲታይ ለምለም ነው!

---

የተምጫ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሬው እግሩን መሬት ያስነካል፣ ቀስ እያለ ይራመዳል። ላሟን ነገ ደምበጫ ከተማ ካለው ክሊኒክ ሐኪም ወጥቶ እንዲያያት ተስማምተናል፣ የሞተር ነዳጅ እኛ ነን የምንችለው። ፎቶውን የአጎቴ ልጅ አንስቷል። የቀረው መኖና ብድሩ ነው። መስከረም እስኪጠባ ምን ይብሉ?

---

እናት ላም

እኔ ቡሬ ላይ ወተት ነው የምሸጠው። በቆሎ ዘርታችኋል አይደል? ጥቅጥቅ ያለውን አሳሱት፣ የታችኛውን ቅጠል ልቀሙት፣ ለእነሱ በቂ ነው። ኬሚካል የተረጨበት እንዳይሆን ብቻ። ፋጉሎ (ከዘይት መጭመቂያ የሚተርፈውን) ካገኛችሁ ለላሟ ቅድሚያ ስጡ። ጠላ የሚጠምቅ ጎረቤት ካለ አተላውን ለምኑት።

ጎረቤት ጭድ ካበደራችሁና ከማዳበሪያ የተረፈ ዩሪያ ካለ ደግሞ፣ ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ገደማ ውኃ አሟሙታችሁ እየረጫችሁ ጠቅጥቁት፣ አየር እንዳይገባ በላስቲክ ሸፍናችሁ ሦስት ሳምንት አቆዩት። ከመስጠታችሁ በፊት ሽታው እስኪወጣ አናፍሱት። ዩሪያው ያለበትን ውኃ ከብት እንዳይጠጣው ተጠንቀቁ፣ በደቂቃዎች ይገድላል። ለትንንሽ ጥጆችም አትስጡ። እኔ ይህን አንዳሳ ምርምር ማዕከል በሰጡን ስልጠና ላይ ነው የተማርኩት፣ የዝሆኔ ሳር ግንድም እዚያ ብትጠይቁ ጥሩ ነው፣ ደለሉ ላይ ጥሩ ይበቅላል።

---

የከብት ሐኪም ነኝ

የዩሪያው ነገር ልክ ነው፣ ብቻ አክስትህ መለካቱ ላይ እንዳትገምት፣ በኪሎ ይመዘን።

ስለ ብድሩ፣ አጎትህ መክፈያው ሳይደርስ ይሂዱ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚሄድ ሰው ሸሽቶ የተያዘ ነው የሚመስለው። ያንን ማኅተም ያለውን የጉዳት ወረቀት ይዘው "የመክፈያ ጊዜ ይራዘምልኝ" ብለው በማመልከቻ ይጠይቁ፣ የቡድን ዋስ ካላቸው ሁሉም አብረው ይሂዱ። ይሰረዝልኝ ብለው ባይጀምሩ ይሻላል፣ ያንን የቅርንጫፍ ሠራተኛ አይወስንም፣ ማራዘሙን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይወስናል። ነገ ስለ ላሟ የሆነውን ጻፍልን፣ ጉሮሮዋ ካበጠ ግን እስከ ነገ አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ደውል።