ዶርም የሚኖር ተማሪ የምርጫ ካርድ የት ያወጣል? (ድሬዳዋ)

ሦስተኛ ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ነው የምንኖረው፤ የጓደኞቼ ቤተሰቦች ደደርና ሐረር ናቸው፣ የእኔ ጭሮ። ካርድ የሚወጣው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ቤተሰብ ጋ ተሂዶ? የቀበሌ መታወቂያ የሌለውስ በተማሪ መታወቂያ ብቻ ይመዘግቡታል? ግቢ ብናወጣ የምንመርጠው የድሬን ዕጩ ነው ወይስ የአገራችንን? የጠየቅነው ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚነግረን።

የቀፊራው፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የድምፅ መስጫው ዕለት የት እንደምትሆኑ ወስኑ። ድምፅ የሚሰጠው ካርድ በወጣበት ጣቢያ ብቻ ነው። በፖስታ ወይም በኦንላይን መምረጥ የለም፤ የድሬን ካርድ ይዞ ጭሮ ላይ መሰለፍም አይሠራም። በ2013ቱ ምርጫ አብዛኛው አገር ድምፅ የሰጠው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነበር። ሰኔ ደግሞ ለተማሪ ፈተናና ወደ ቤት መመለሻ ነው፤ ግቢ ተመዝግቦ ከምርጫው በፊት ሻንጣውን ይዞ የወጣ ልጅ ድምፁ ግቢ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት የትምህርት ካሌንደሩን እዩ።

የምርጫ አዋጁ 1162/2011 የሚጠይቀው ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ነው። «ምርጫው ሲደርስ ይሞላልኛል» አያስኬድም። ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ የሚማር የሳቢያን ወይም የከዚራ ልጅ እንደማንኛውም ነዋሪ በሰፈሩ ጣቢያ ይመዘገባል። ከቤቱ ርቆ ለሚኖር የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ ግን ሕጉ ልዩ የምርጫ ጣቢያ ይፈቅዳል፤ እዚያ የተመዘገበ ተማሪ ግቢው ሆኖ ቀድሞ ይኖርበት ለነበረው ምርጫ ክልል ይመርጣል። ጣቢያው ግቢያችሁ መከፈቱን ከተማሪዎች ዲን አረጋግጡ፤ በወሬ አትሂዱ።

ጀጎል በር፦
የቀፊራው ያለው ልክ ነው። ስህተቱ በብዛት የሚፈጠረው ግን መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ነው። «ጭሮ ነኝ» ማለት አይበቃም፤ ከተማውና ዙሪያው ገጠር የተለያየ ምርጫ ክልል ሊሆን ይችላል። ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ ተናገሪ፤ መዝገቡ ላይ ከመፈረምሽ በፊት በስምሽ ትይዩ የተጻፈውን የምርጫ ክልል ራስሽ አንብቢው። ልዩ ጣቢያ ላይ የሚላከው የድምፅ መስጫ ወረቀት በዚያ ጽሑፍ ነው የሚወሰን፤ በምርጫው ዕለት «የእኔ ሌላ ነው» ብትይ ወረቀቱ እዚያ የለም።

ስለ መታወቂያው፦ የተማሪ መታወቂያ ተማሪ መሆንሽን ያሳያል፤ ዕድሜሽን ግን ብዙውን ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ጨምሪ። ፓስፖርት ላይ ያለው የልደት ቀን በፈረንጆች ነው፤ 18ን ገና ለሞላ ልጅ መዝጋቢው ሲያሰላ ሊሳሳት ይችላልና በእኛ አቆጣጠር አስልታችሁ ሂዱ። የአያት ስም በሁለቱ ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑንም ተመልከቱ።

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ አቦ፣ ግቢያችሁን ለዩ! ዋናው ግቢ ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ የጤና ኮሌጁ ሐረር ከተማ ስለሆነ ሐረሪ ክልል ውስጥ ነው። እንደ ነዋሪ ለሚመዘገብ ሰው የክልል ምክር ቤቱ ይለያያል። ድሬ ደግሞ ክልል ስላልሆነች ከተወካዮች ምክር ቤት ሌላ የሚመረጠው የአስተዳደሩ ምክር ቤት ነው።

ሦስተኛ ዓመት፦
በጣም አመሰግናለሁ። ግቢም ቤትም ብንመዘገብና የተመቸንን ብንጠቀምስ? ሐረሪ የሆነች ጓደኛዬ ደግሞ የእሷ ይለያል ይሏታል።

የቀፊራው፦
ሁለት ቦታ መመዝገብ ወንጀል ነው፤ እንዳትሞክሩት። አንመዘግብም ካሏችሁ ግን ተጨቃጭቃችሁ አትመለሱ፤ እዚያው ጣቢያ ላለው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አቅርቡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። ወደ ምርጫ ክልል፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት የሚኬደው በዚያ ወረቀት ነው። ምዝገባው መጨረሻ ላይም አትድረሱ፤ በ2013 አንድ ጣቢያ የሚመዘግበው እስከ 1,500 ሰው ነበር።

ጀጎል በር፦
ለጓደኛሽ፦ ይለያል፣ ልክ ናቸው። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫ ሁለት ጉባኤ ነው። የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ 14ቱን መቀመጫዎች ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጣሉ፤ በሌላው ጉባኤ 22 መቀመጫዎች ግን የሚመርጠው የክልሉ ነዋሪ ነው። ቀኑንም ትጠይቅ፤ በ2013ቱ ምርጫ ሐረሪ ክልል ድምፅ የሰጠው መስከረም 20 ቀን 2014 ነበር፣ ከአብዛኛው አገር ሦስት ወር ዘግይቶ።

በዕለቱ ካርድና መታወቂያ ሁለቱንም ያዙ። ጣቢያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ሲዘጋ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ሳይመርጥ አይመለስም። ወረቀቱ ሁለት ነው (አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ወይም ለአስተዳደር ምክር ቤት)፣ ሳጥኑም ሁለት፤ አታቀያይሩ። ከዕጩው ትይዩ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ አድርጉ፤ ስም ወይም ፊርማ አትጻፉበት። ከተበላሸባችሁ ሳጥን ሳይገባ ለአስፈጻሚው መልሱና ሌላ ጠይቁ።