የድሮ የጃፓን ሞተሮች ጥገና፦ ለኮሌጁ የምናስገባው የጋራ ፕሮፖዛል (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ የጅማ የድሮ ሞተር ማህበራችን አባላት፣ ስማችሁ አጠገብ በቅንፍ ሰፈራችሁን ጻፉ። እሁድ ስብሰባ ላይ እንደተስማማነው ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ምናስገባውን ፕሮፖዛል እዚሁ እየተነጋገርን እንጨርሰው፣ ወረቀት ይዞ ቤት ለቤት መዞሩ ጊዜ ፈጀብን። ረቂቁ አሁን ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የመስሪያ ክፍል፣ ከውጭ ለሚመጣ መለዋወጫ የሚሆን ብር፣ በዓመት አንዴ ደሞ የድሮ ሞተሮች ትርኢት። ያካተትናቸው ሞተሮች ያማሃ ዲቲ 125 እና 175፣ ኤጂ 100፣ ሱዙኪ ቲኤስ እና ቲኤፍ 125፣ ሆንዳ ኤክስኤል እና ሲጂ 125 ናቸው። ብዙዎቹ በግብርናና በወባ ሠራተኛ እጅ የጅማን ገጠር ሲያካልሉ ኖረው በጨረታ ወጥተው ነው እኛ ጋ የደረሱት፣ አሁን ግን ጓሮ ቆመው ዝናብ ይመታቸዋል። ምን ይቅደም ሚለው ላይ ሐሳባችሁን ጣሉበት።

ባለ ዲቲ (ሄርማታ)፦
እኔ ትርኢቱ ይቅደም ባይ ነኝ። ሰው ሳያየው ማን እጁን ይዘረጋል? እነዚ ሞተሮች እኮ ታሪክ ናቸው፣ ያማሃ የመጀመሪያዋን ዲቲ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲያወጣ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም እኩል ምትሄድ ብሎ ነው፣ እኛ ሀገር ክረምት ላይ ገጠር የወጣ ሰው ደሞ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። አንድ ቅዳሜ ሙዚየሙ በር ላይ አስር ሞተር ቀለም ተቀብቶ ክሮሙ ተወልውሎ ቢደረደር ከተማው ይነቃነቃል፣ ስፖንሰርም እዛው ይገኛል። ቀለም ቀቢ እንደውም አነጋግሬያለሁ።

መካኒክ (አጂፕ)፦
ልጄ ትርኢቱን አልጠላሁትም፣ ያንተም ዲቲ ታምራለች። ግን የተሰለፈው ሞተር ሁሉ ተነስቶ ሰልፉን ዞሮ ቤቱ ካልገባ ምኑን አሳየን? ለኮሌጁ ምንጽፈው መጀመሪያ ሞተሮቹን ምን እየገደላቸው እንደሆነ ይናገር።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቱ ስትሮክ (እንደ ዲቲ፣ ኤጂና ቲኤስ ያለው) ቆሞ ሲከርም መጀመሪያ ሚሞተው ፓራኦሊዮው ነው፣ ኮሎው (ፒስቶኑ ሚያዞረው ዘንግ) በግራና በቀኝ ሚዞርበት ላይ ያሉት ሁለቱ ዘይት ማገጃ ጎማዎች። ጎማው ይደርቅና ከንፈሩ ኮሎውን መያዝ ያቆማል። ፎር ስትሮክ (እንደ ሲጂ ያለው) ቢሆን ዘይት ያንጠባጥባል፣ ታየዋለህ፣ ትቀይረዋለህ። ቱ ስትሮክ ግን ቤንዚንና አየሩን መጀመሪያ ሚስበው ኮሎው ያለበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ በማግኔቱ በኩል ያለው ጎማ ከለቀቀ ካርቡሬተሩ ያልለካው አየር ይገባል፣ ነዳጁ ይሳሳል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ዳገት ላይ ፒስቶን ይይዛል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ከለቀቀ ደሞ የካምቢዮውን ዘይት ይስባል፣ ጭሱ መንገዱን ይሞላል፣ ሰው ግን ፋሻ (የፒስቶኑ ቀለበት) ነው ይላል። ከዛ ምን ይደረጋል? ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሰፋል፣ አዲስ ፒስቶን ይገባል፣ ጎማውን ማንም አይነካውም፣ ጥቂት ወር ቆይቶ ያው ሞተር ያው ዳገት ላይ ይይዛል። እንደገና ይሰፋል። የያማሃ ኦቨርሳይዝ፣ ለተሰፋ ሲሊንደር ሚሆነው ተለቅ ያለ ፒስቶን፣ በሚሊ 0.25 0.50 0.75 1.00 እያለ ነው ሚሄደው፣ ከዛ ወዲያ ሲሊንደሩ አለቀ። ስንት ደህና ሲሊንደር በአንድ ርካሽ ጎማ ምክንያት ሲጣል አይቻለሁ፣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚ ረቂቁ ላይ ፒስቶን ብላችሁ በአንደኛ ደረጃ የጻፋችሁትን አውርዱልኝና ፓራኦሊዮና ኩሽኔታ ከላይ ይግባ።

ባለ ዲቲ (ሄርማታ)፦
ገብቶኛል ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ትርኢቱ ወደ ኋላ ይሂድ። ግን ሞተሩ ሙሉ ሳይፈታ ጎማው መልቀቁን በምን እናውቃለን? አንዳንዱ ባለቤት ሞተር ይፈታ ስትለው ይደነግጣል።

መካኒክ (አጂፕ)፦
ምልክት አለው። ጋዙን ሰጥተህ ስትለቀው ሚኒሞው (ያለ ጋዝ ሚዞርበት ፍጥነት) ቶሎ አይወርድም፣ እያጓራ ይቆያል። ጠዋት ደህና ሆኖ ሲሞቅ ሚብስ ከሆነ የበለጠ ጠርጥር። ማረጋገጫው ግን በአየር መፈተን ነው፦ ካርቡሬተሩንና ማርሚታውን ታወጣለህ፣ ሁለቱን ቀዳዳ በጎማ ትደፍናለህ፣ ካንዴላው እንዳለ ይታሰራል፣ ከዛ ፒስቶኑን ወደ ታች አውርደህ በእጅ ፓምፕ ትንሽ አየር ትነፋለህ፣ 0.4 ባር ይበቃል፣ ከዛ በላይ ደህናውን ጎማ ራሱ ትገፋዋለህ። የጌጁ መርፌ ቆሞ ከቀረ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ከወረደ የሳሙና አረፋ እየቀባህ ፈልግ፣ የሲሊንደሩ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ይሁን ማግኔቱ ጀርባ ያለው ጎማ አረፋው ራሱ ይነግርሃል። ማግኔቱን ማውጣት ግድ ነው ታዲያ፣ ለሱ ደሞ መንቀያው ያስፈልጋል፣ በመዶሻ እየመታ ሚያወጣውን አንድ ሰው ማህበሩ ውስጥ ማየት አልፈልግም፣ ኮሎው ይጣመማል።

ተማሪዋ (ኪቶ ፉርዲሳ)፦
ጋሼ መፈተኛውን እኔና ጓደኞቼ እንሰራዋለን፣ ጌጅ፣ የጎማ ቱቦ፣ የብስክሌት ፓምፕ እና ለየሞተሩ ልክ የተቆረጠ መድፈኛ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ማግኔት መንቀያውንም ጥርሱን በደንብ ለክተን ቶርኖ ላይ ማውጣት ይቻላል፣ ከውጭ መግዛት የለብንም።

ሌላው ረቂቁ ላይ ያጣሁት ካቻቢቴ ነው፣ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን አይደለም። የነዚ ሞተሮች ክዳን ላይ ያሉት መስቀለኛ ብሎኖች በጃፓኖቹ በራሳቸው ስታንዳርድ የተሰሩ ናቸው፣ ጂአይኤስ ሚባለው። ሱቅ ምናገኘው ፊሊፕስ ካቻቢቴ ጫፉ እስከ ታች አይገባላቸውም፣ ስትጫነው ይንሸራተትና ጥርሱን ይበላዋል፣ ከዛ ፍልፍሉ ይጀመራል። ብዙዎቹ ብሎኖች ራሳቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አለች፣ በሷ ይለያሉ። ሁለት ሦስት ትክክለኛ ካቻቢቴና አንድ በመዶሻ ሚመታ መፍቻ ብንገዛ ስንት ክዳን እናድናለን። ማይክሮሜትርና የሲሊንደር መለኪያ ግን ውድ ስለሆነ እሱን ነው ከኮሌጁ መጠየቅ ያለብን፣ በፒስቶንና በሲሊንደር መሀል ያለው ክፍተት የሚሊሜትር አስረኛ እንኳ አይሞላም፣ በዓይንና በጣት እየገመትን መቀጠል አንችልም።

መካኒክ (አጂፕ)፦
ተባረኪ ልጄ። ይሄ ይጻፍ።

ባለ ሲጂ (መንደራ)፦
ሲጂ 125ን ከውጭ ግዢው አውጡት ብዬ ነው። ሆንዳ እሱን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያወጣ ጥገና እንደልብ ለማይገኝባቸው ሀገራት ብሎ ነው ያቀለለው፣ የላይ ካቴና የለውም፣ ቫልቮላውን ሚገፋው ዘንግ ነው። ቻይናዎቹ በኋላ ይሄንኑ ሞተር ስለቀዱት ብዙ ዕቃው ከነሱ ሞተር ጋር ይገጥማል፣ ፋሻም ጓርኒሲዮንም እዚሁ ጅማ አለ። ጥራቱ እየታየ ይገዛ እንጂ ለሱ ብለን ውጭ ብር አናውጣ፣ ያው ብር ለዲቲና ለቲኤስ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምርና፣ ዲቲ 125 እና ቲኤስ 125 ሁለቱም ሲሊንደራቸው 56 ሚሊ ነው ብሎ አንዱን ፒስቶን ለሌላው ሚሸጥ ሰው አለ። ስፋቱ አንድ ቢሆንም የፒኑ ከፍታና የፒስቶኑ መስኮት ሳይታይ እንዳትገዙ። ትዕዛዙ ላይ የሞተሩ ሞዴልና ዓመት ተጽፎ ይሂድ፣ "56 ፒስቶን" ብቻ ተብሎ አይላክ።

ከአጋሮ፦
እኛ ራቅ ያልነውን አትርሱን እንጂ። 45 ኪሎሜትር በነዚ ሞተሮች መጥተን ነው ስብሰባ ምንገባው።

የኔ ሐሳብ ጂግለሮቹ ላይ ነው፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን ለክተው ሚያሳልፉት ቀዳዳዎች። ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ጠረፉ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ፋብሪካው የገጠመው ዋናው ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይታነቃል። ሰው ታዲያ በትንሽ ጂግለር ይቀይርና ይስማማዋል፣ ደስ ይለዋል፣ ከዛ ለለቅሶ ወይ ለሰርግ አዲስ አበባ ልሂድ ብሎ ጊቤ በረሃ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ይሳሳበታል፣ ሙቀቱ አለ፣ ፒስቶኑ እዛ ይይዛል። ጊቤ ላይ ቆሞ መኪና ሚለምን ሞተረኛ ያላየ የለም። ስለዚ ማህበሩ ለየሞተሩ ሁለት ሦስት ቁጥር ጂግለር ይኑረው፣ ማን የትኛውን እንዳደረገም መዝገብ ይያዝ።

የቱ ስትሮኮቹን ዘይት በተመለከተ ደሞ የዘይት ፓምፑን ደፍኖ ዘይቱን ቤንዚን ላይ መቀላቀል ይሻላል ባይ ነኝ፣ ቢያንስ መግባቱን በዓይኔ አየዋለሁ።

መካኒክ (አጂፕ)፦
የጂግለሩን ድንቅ ብለሃል። በዘይቱ ግን አልስማማም ወንድሜ። ያማሃ ኦቶሉብ ሚለውን ፓምፕ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ሲያወጣው አስቦበት ነው። አንተ እራስህ ያልካትን ጊቤ እያት፣ ቁልቁለቱን ጋዝ ዘግተህ በማርሽ ስትይዝ ቤንዚን በቅጡ አይገባም፣ ዘይቱ ቤንዚኑ ውስጥ ካለ እሱም አይገባም፣ ሞተሩ ግን በፍጥነት እየዞረ ነው። ፓምፑ ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር ያኔም ጠብ ጠብ ያደርግለታል። ሰው ፓምፑን ሚጠላው ቱቦው ውስጥ አየር ስለሚያስቀርበት ነው፣ ዘይት አልቆ ከተሞላ ወይ ቱቦ ከተፈታ አየሩ መውጣት አለበት፣ ይህን ማስተማር ነው እንጂ መድፈን አይደለም።

ከአጋሮ፦
ጋሼ አከብርዎታለሁ፣ ግን ፓምፑ ያረጀበት ሰው ምን ያድርግ፣ አዲሱ አይገኝም። ፕሮፖዛሉ ላይ አንዱን ብቻ ግዴታ አታድርጉት።

ጸሐፊ፦
ይሄ ለባለቤቱ ይተው፣ ፓምፑ ሚሰራለት ግን እንዳይደፍን ምክር ብለን እንጽፈዋለን። ታንከሩስ? የሁሉም ሰው ችግር እሱ ነው፣ ውስጡ ዝጎ ካርቡሬተሩን ይዘጋል።

ተማሪዋ (ኪቶ ፉርዲሳ)፦
አቼቶ ሞልቶ አንድ ሁለት ቀን ማሳደር፣ ደፍቶ በውሃ ማጠብ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ማለቅለቅ፣ ወዲያው ማድረቅና ትንሽ የቱ ስትሮክ ዘይት ውስጡ ማንከባለል። ካላደረቁት በአንድ ሌሊት መልሶ ይዝጋል፣ የኛ እርጥበት ይታወቃል። ቤንዚን መጥለያዋም በዛው ትቀየር።

ገንዘብ ያዥ፦
ስለ ብሩ ላውራ። ኮሌጁ ጥሬ ብር ይሰጠናል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ክፍልና መለኪያ ግን ሊሰጥ ይችላል፣ እኛ ደሞ ሚፈልገው ነገር አለን። ሠልጣኞቹ ለትብብር ስልጠና ጋራዥ ሲፈልጉ ነው ሚውሉት፣ የሚያገኙትም ቦክሰርና ቲቪኤስ (የህንዶቹ ፎር ስትሮክ) ነው። ቱ ስትሮክ አውቆ ሚፈታው ሰው እዚህ ከተማ እየቀነሰ ነው፣ ያሉትም እንደ ጋሼ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ስለዚ "ክፍል ስጡን" ከምንል "ልጆቻችሁን እናሠለጥናለን፣ ክፍሉንና መለኪያውን እናንተ አምጡ" ብንል ይሻላል። የመለዋወጫው ወጪ ከኛ መዋጮ ይውጣ፣ እንደ እቁብ በየዙሩ የአንድ አባል ሞተር ተመርጦ ሙሉ ይሰራ፣ ሠልጣኞቹም በሱ ይማሩ።

ባለ ሲጂ (መንደራ)፦
እቁቡ ላይ ተስማምቻለሁ ግን በዕጣ ይሁን። በምርጫ ከሆነ ወዳጅነት ይገባበታል።

ገንዘብ ያዥ፦
በዕጣ ይሁን፣ ግን ዕጣ ውስጥ ሚገባው ሊብሬው በእጁ ያለ ብቻ ነው። በጨረታ ተገዝቶ ስም ያልዞረለት ሞተር ማህበሩ ውስጥ አለ፣ እሱን ብንሰራው ቦሎ አያገኝም፣ ብራችን ጓሮ ይገባል። መጀመሪያ ወረቀቱን ይጨርስ። ቀለም ከመቀባቱም በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ በፎቶ ይያዝ፣ መሪው አንገት ላይ ያለው ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት እየተፋቀ ወይ በወፍራም ቀለም እየተደፈነ መከራ ያየ ሰው አውቃለሁ፣ የገዛ ሞተሩን የራሱ መሆኑን ማስረዳት አቅቶት ነበር።

ባለ ዲቲ (ሄርማታ)፦
ለቀለም ቀቢው ይሄን እነግረዋለሁ፣ ቁጥሩ ላይ ቴፕ ይለጥፋል። ትርኢቱንም በዙር የተሰሩት ሞተሮች ሲበዙ እናስበው፣ ያኔ ሠልጣኞቹ ራሳቸው ቢያስነሷቸው ደስ ይለኛል።

ጸሐፊ፦
በጣም ጥሩ። የመግቢያውን አንቀጽ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ "ማህበራችን የድሮ የጃፓን ሞተሮችን ጥገና ለኮሌጁ ሠልጣኞች በትብብር ስልጠና ለማስተማር ፈቃደኛ ነው። ኮሌጁ አንድ ክፍል፣ ማይክሮሜትርና የሲሊንደር መለኪያ እንዲፈቅድልን እንጠይቃለን። የመለዋወጫ ወጪ ከአባላት መዋጮ ይሸፈናል። በእያንዳንዱ ቱ ስትሮክ ሞተር ላይ የአየር ፍተሻ ሳይደረግ ሲሊንደር አይሰፋም።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለጋሼ ስል አይደለም፣ ሥራችንን ሁሉ ምትጠብቀው እሷ ስለሆነች ነው። ሚቃወም ካለ እስከ ሐሙስ ይጻፍ፣ አርብ እናስገባለን።

መካኒክ (አጂፕ)፦
አልቃወምም። እስከ ሐሙስ ግን አንድ ሥራ ስሩልኝ። ሞተሩ የተፈታለት ሰው ካለ የፓራኦሊዮውን ፊት በጨርቅ ጠርጎ የተጻፈበትን ሦስት ቁጥር ይላክልኝ፣ ለምሳሌ 25 40 8 ይላል፣ የውስጡ፣ የውጪው፣ ውፍረቱ ነው። ልኩ መደበኛ ከሆነ አዲስ አበባ ኩሽኔታ ቤቶች ይገኛል፣ ጃፓን ድረስ መላክ የለብንም። ግን ቤንዚንና ሙቀት ሚችለውን ጎማ በሉ፣ ቪተን ካለ እሱን፣ ለአቧራ መከላከያ የተሰራውን ልኩ ገጠመ ብሎ ሚሰጣችሁ ሰው አይጠፋም፣ እንዳትቀበሉ። ያልተፈታለት ሰው ለዚህ ብሎ እንዳይፈታ፣ ሞዴሉንና ዓመቱን ብቻ ይላክልኝ።