ክርክር፦ የልጅ ሌባ ማስጠንቀቂያው ጥንቃቄ ነው ወይስ የሞራል ድንጋጤ?

የሶሲዮሎጂ መምህሩ (የክርክሩ ከፋች)፦
ባለፈው ሳምንት በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የምንኖር ወላጆች በምንገናኝበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ የድምፅ መልእክት ተላለፈ። ተናጋሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መጋረጃ ያወረደ ባጃጅ ሕፃናትን ከትምህርት ቤት ደጃፍ እየወሰደ ነው ይላል፤ የትኛው ትምህርት ቤት፣ በየትኛው ቀን፣ የማን ልጅ እንደሆነ ግን አንድም ቃል የለውም። በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለፀሐይ ብሎ መጋረጃውን ያወረደ አንድ ወጣት ሾፌር በወላጆች ተከቦ መታወቂያ ሲጠየቅ በዓይኔ አየሁ። መጋረጃው ሲገለጥ ከኋላ የተገኘው ሁለት ጆንያ ከሰል ነበር።

የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት «የሞራል ድንጋጤ» ያለው ይህንን የመሰለውን፣ ኅብረተሰቡ አንድን ቡድን ከልክ በላይ እንደ አደጋ የሚፈራበትን ሁኔታ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1964 የፋሲካ ሰሞን ክላክተን በተባለች የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ወጣቶች ያስነሡት ረብሻ ነበር፤ 97 ሰዎች ታሰሩ፣ ጋዜጦቹ ከተማዋ በወሮበሎች እንደተወረረች አድርገው ጻፉ፣ የጠፋው ንብረት ግን ሲገመት 513 ፓውንድ ብቻ ሆነ። ረብሻው አልነበረም የሚል ሰው የለም፤ የኮኸን ጥያቄ ፍርሃቱ ከነገሩ ጋር ይመጣጠናል ወይ፣ ጭራቅ ተደርጎ የሚሣለውስ ማን ነው የሚል ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
የተከበሩ መምህር፣ ትምህርቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» ተብሎ ያደግን ሰዎች ነን። መልእክቱ ውሸት ቢሆን ያጣሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እውነት ሆኖ ችላ ብዬው ቢሆን ኖሮ የማጣውን እርስዎም ያውቁታል። ሌላው ቀርቶ «አይመጣጠንም» ለማለት ስንት ልጅ እንደጠፋ ማወቅ ያስፈልጋል። ያንን ቁጥር እኔ አላገኘሁም፤ እርስዎም አላቀረቡልንም። ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው?

የባጃጅ ሾፌሩ፦
በዲግሪ ተመርቄ ባጃጅ የምነዳ ሰው ነኝ። እህቴ፣ እርስዎ ያጡት አንድ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ እኛ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ ሲዘንብ እንኳን መጋረጃ ለማውረድ እንፈራለን፣ ተሳፋሪውም እየበሰበሰ ይሄዳል። እናቶች የጎን ቁጥራችንን በስልካቸው ያነሣሉ፤ ይህን አልቃወምም፣ እንዲያውም ሁሉም ቢያነሣው እወዳለሁ። የሚያሳዝነኝ ከመልእክቱ በፊት «ወንድሜ» ይሉኝ የነበሩ ደንበኞቼ አሁን ልጃቸውን ከእኔ ጋር ብቻውን አለመላካቸው ነው። አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ ያለችው አህያ ትዝ ትለኛለች።

ጋዜጠኛው፦
በመምህሩ ንድፈ ሐሳብ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የኮኸን ታሪክ ጋዜጣ፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት አንዱ ሌላውን እየገፋ የሚሄድበት ነው። የባህል ተመራማሪው ስቱዋርት ሆልና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1978 የእንግሊዝ ጋዜጦች ስለ ማጅራት መቺ ያስነሡትን ፍርሃት ሲመረምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በርሚንግሃም ውስጥ አንድ የ16 ዓመት ልጅ 20 ዓመት የተፈረደበትን ጉዳይ ይዘው፣ በኢኮኖሚ ችግር የተጨነቀ መንግሥት ከዚህ ፍርሃት ምን እንዳተረፈ ጠየቁ። እኛ ዘንድ ግን አዘጋጁም አሠራጩም ራሱ ጎረቤት ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ሜጫ ወረዳ ሁለት ተመራማሪዎች ሕፃናትን ሊመርዙ መጡ በሚል ወሬ በሕዝብ ተገደሉ፤ ለዚያ የጋዜጣ ርዕስ አላስፈለገም። የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል፤ ነገር ግን ልጇን ፈርታ መልእክት ያስተላለፈችን እናት በአዋጅ ማስፈራራት የሚፈይደው ነገር አይታየኝም። (ሙያችንም ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ወሬ አድማጭ እንደሚስብ እናውቃለን።)

የሶሲዮሎጂ መምህሩ፦
የእናታችን ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ የንድፈ ሐሳቡ ተቺዎችም ደጋግመው ያነሡት ይህንኑ ነው፤ የአደጋውን መጠን ሳያውቁ «ተጋነነ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ መልእክቱ ውሸት ነው ማለቴን ትቼ፣ ሊጣራ የሚችል አንድም ነገር የለውም እላለሁ። የጠፋ ልጅ ካለ ስሙን የሚጠራ ወላጅ፣ አቤቱታ የተቀበለ ፖሊስ ጣቢያ ይኖራል። እነዚህ በሌሉበት ፍርሃቱ የሚያርፍበት ስለሚያጣ፣ ደጃፉ ላይ የቆመውን ድሃ ወጣት ይይዛል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ትናንት ማታ መልእክቱን ለላከችልኝ ጎረቤቴ ደወልኩ። እሷ ከእኅቷ፣ እኅቷ ከሥራ ባልደረባዋ ነው ያገኘችው፤ ባልደረባዋ ደግሞ ከአንድ የለቅሶ ቤት ቡድን እንደደረሳት እንጂ ማን እንደላከው አታስታውስም። ልጆቼን ነገም ራሴ ነው የማመጣቸው። ያን ድምፅ ግን ለማንም አላስተላልፍም፤ ከሰል የጫነውንም ልጅ ከከበቡት አንዷ እኔ ነበርኩ።