ሦስት ክረምት የቆመ ሃይሉክስ፦ ባለችኝ ብር ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ የሐይቅ ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከአጎቴ የተረከብኩት ቶዮታ ሃይሉክስ አለኝ። በፈረንጅ 1991 የተሠራ፣ ደብል ጋቢና፣ ባለ 3ኤል የናፍጣ ሞተር ነው። ሐይቅ ግቢ ውስጥ ሦስት ክረምት ቆሟል። ባትሪ ተውሼ ሳስነሳው ተነሣ፤ ግን በግድ ነው። ጠዋት ነጭ ጭስ ያንቦለቡላል፣ ሲሞቅ ይተወዋል። ወደ ደሴ ዳገቱን ሲይዝ ደግሞ ጥቁር ያጨሳል። የሹፌሩ እግር ሥር ያለው ወለል በስቷል፤ ምንጣፉን ሳነሣው መሬቱ ታየኝ። ፍሬኑ ሁለት ሦስቴ ካልረገጡት አይዝም።

ሐሳቤ ከመርሳና ከግራና ሽንኩርት እየጫንኩ ደሴ ማስረከብ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ እንዲያምርም እፈልጋለሁ። ጥቁር ቀለም፣ ሰፋፊ ጎማ፣ ከፊት የብረት ፓራውልት፣ ከላይ ረጅም የኤልኢዲ መብራት። በእጄ ያለው 350 ሺህ ብር ነው። ብድር ውስጥ መግባት አልፈልግም። አንድ ጋራዥ ሞተሩን አዳምጦ ብቻ «ኦቨርሆል ይፈልጋል»፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይታደስ አለና ከብሬ ከግማሽ በላይ ጠየቀኝ። ጓደኛዬ ደግሞ የዶልፊን ሚኒባስ ሞተር ገዝተህ ቀይር ይለኛል። እናንተ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጋሽ ካምቢዮ፣ ኮምቦልቻ

አብሽር ልጄ። ያልተለካ ሞተር አይፈታም። በጆሮ ብቻ ኦቨርሆል የሚያዝ መካኒክ ብርህን እንጂ መኪናህን አላየም።

ጠዋት ነጭ አጭሶ ሲሞቅ የሚተው 3ኤል ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካንዴላ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሣ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው ማለቴ ነው። አራት ናቸው። ማገናኛውን ፈትተህ አንድ በአንድ በቴስተር ለካቸው። ደህናው ከአንድ ኦም ብዙም አይርቅም፣ የተቃጠለው ጭራሽ አያነብም። አዲስ ስትገዛ ቮልቱን ከአሮጌው ጋር አስተያይ፤ በዚህ ሞተር ዘር ላይ ከ12 ቮልት በታች የሆነ ካንዴላም ይገጠም ነበር። ዝም ብለህ የተሰጠህን ከገጠምክ ቶሎ ታቃጥለዋለህ።

ቀጥሎ ነዳጁ። ሦስት ክረምት የቆመ ታንክ ሥሩ ውሃና ዝቃጭ ነው። አውርደህ እጠበው፣ ፊልትሮውን ቀይር። ከዚያ ኢንጀክተሮቹን አስወርደህ ፖምፓ የሚሠሩ ሰዎች ጋ አስፈትሽ። አጠገባቸው ቆመህ እይ። ጤነኛው ናፍጣውን አድቅቆ ይበትነዋል። የደከመው ከጫፉ ያንጠባጥባል። ያ ጠብታ ነው ጠዋት ነጭ ጭስ ሆኖ የሚወጣው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተሻለው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት ይለካ። እዚህ ላይ ጆሮህን ስጠኝ። የቶዮታ መጽሐፍ ዝቅተኛውን 20 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ይላል፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 መብለጥ የለበትም። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲቀንስ የመለኪያው ቁጥርም በዚያው ልክ ይወርዳል። ይህን ያልቆጠረ መካኒክ ደህናውን ሞተር ሞቷል ይልሃል። ስለዚህ ደሴ ላይ ከቁጥሩ በፊት ልዩነቱን እይ። አራቱ ከተቀራረቡ አትፍታው። አንዱ ብቻ ከወደቀ ነገሩ ብዙ ጊዜ ቫልቭ ወይ ፋሻ (የፒስታኑ ቀለበት) ነው። ሲለካ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን።

ጥቁሩ ጭስ ከፊሉ የአገሩ ጭስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ደጋ ላይ አየር ያጥረዋል። የአየር ፊልትሮውን ቀይርና ልዩነቱን እይ። «ጉልበት ይጨምርልኝ» ብሎ ፖምፓውን ከልክ በላይ ያስከፈተ ሰው ካለም ይስተካከል።

የባቲ መንገድ

ጋሼ ሁሉንም ብለውታል፣ አንድ ልጨምር። ታይሚንግ ቤልቱን ሳትቀይር ጭነት እንዳትነካ። 3ኤል ሰንሰለት የለውም፣ የጎማ ቀበቶ ነው። ቶዮታ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ ይላል፤ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ የሚበራው ለዚያ ነው። የአንተ ቆጣሪ ደግሞ እውነት ይናገር አይናገር ማን ያውቃል! የቀበቶው ጎማ ደግሞ ቆሞም ያረጃል። እሱ ከተበጠሰ ፒስታንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ያን ጊዜ ኦቨርሆሉን ወደህ ሳይሆን ተገደህ ታደርገዋለህ። ከነመወጠሪያ ኩሽኔታው ይቀየር።

ላሜራ ሠሪው፣ ደሴ

ወንድም፣ ቀለሙን እርሳው። ለጊዜው ማለቴ ነው።

መጀመሪያ መኪናው ሥር ግባ። መዶሻ ይዘህ ሻንሲውን፣ መኪናው የተቀመጠበትን ዋና ብረት፣ ከፊት እስከ ኋላ አንኳኳ። ደህና ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል። የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴም መዶሻው ይሰምጣል። በተለይ የኋላ ባሌስትራ የሚንጠለጠልበትንና ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች አትለፍ። አጎትህ ከአፋር ጨው ጭኖበት ያውቅ እንደሆነም ጠይቅ። ጨው የጫነ መኪና ከላይ ቆንጆ ሆኖ ከሥር ያለቀ ይሆናል።

ከዚያ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ በሮቹና ፓራፋንጎው ላይ አስኪደው። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ (መሙያ ልስን) ነው። ስቱኮው በዝቶ ካየህ ያ መኪና አንዴ ተገልብጦ ወይ ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል።

ወለሉን በላዩ ላይ ላሜራ ለጥፎ በያጅ ካየህ እንዳትስማማ። የበሰበሰው እስከ ደህናው ብረት ድረስ ተቆርጦ ይውጣ፣ አዲሱ ላሜራ ይበየድ፣ ከላይም ከሥርም አንቲረስት ይቀባ፣ መገጣጠሚያው በማስቲሽ ይደፈን። ከመበየዱ በፊት ባትሪው ይፈታ፣ የነዳጁ መስመር በየት እንደሚያልፍም ይታይ። ደግሞ አደራ፣ በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ግራይንደር እንዳይነካው። ያ ቁጥር ከጠፋ ምርመራ ላይ የሚደርስብህን ጣጣ አትችለውም።

ቀለም የምትቀባ ከሆነ ክረምቱ ይውጣ። ደሴ በሐምሌ ጉምና እርጥበት ናት፤ ቀለሙ ጭጋግ ይመታውና አያበራም። ጥቅምት ሸጋ ነው።

አቧራው

ለሻንሲው የተቃጠለ ዘይት እርጭበት፣ ዝገት አይነካውም። አባቶቻችን እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

ላሜራ ሠሪው፣ ደሴ

አቧራው፣ ዝገቱን ለጊዜው ይይዘዋል፣ አልክድም። ግን ዘይት የባሌስትራውን የጎማ ቦኮላ ያበላሻል፣ ፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ደግሞ መኪናው አይቆምም። አቧራም ይሰበስባል፣ ስምህን ያየህ ነው። ደግሞ ከመኪናው ታጥቦ ወዴት ይሄዳል? ልጁ ያለው ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ነው።

የሐረጎ ሹፌር

እኔ ደሴና ኮምቦልቻ ነው የምመላለሰው። ሐረጎን ቁልቁል የሚወርድ ሰው ስለ ኤልኢዲ መብራት ሳይሆን ስለ ፍሬን ነው የሚያስበው።

ሁለት ሦስቴ ካልተረገጠ አይዝም አልክ። ወይ አየር ገብቶበታል፣ ወይ የኋላው ሸራ አልቋል፣ ወይ የዋናው ፓምፕ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው ጎማ) ደክሟል። ቆሞ የከረመ መኪና ላይ ሦስቱም ይገኛሉ። በአራቱም ጎማ ጎሚኒው ይቀየር። የፍሬን ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስትወርድም በማርሽ ያዘው፣ በፍሬን ብቻ አትውረድ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርህ። የኋላውን አክሰል ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ጫፉ ላይ የፍሬን ቫልቭ ተገጥሟል። ጭነት ሲበዛ የኋላው ይወርዳል፣ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፣ ቫልቩም ለኋላ ጎማ ተጨማሪ ፍሬን ይለቃል። ሰው ባሌስትራ ጨምሮ መኪናውን ከፍ ሲያደርግ ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ያስባል። ሽንኩርት ጭነህ ትረግጣለህ፣ ከኋላ የሚመጣው ፍሬን ግን የባዶ መኪና ነው። ባሌስትራ ከጨመርክ ዘንጉም አብሮ ይስተካከል።

ራዲያተሩም አይረሳ። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ያንን የሚያስተካክለው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ርካሽ ዕቃ ነው፣ አዲስ ግዛ። የወንዝ ውሃም አትሙላበት።

ወሎየው ከሸገር

ስለ ሞተር ቅያሬ ልመልስ። የዶልፊን 3ኤልም 5ኤልም የአንድ ቤተሰብ ሞተር ነው፤ ጓደኛህ ከባዶ አልተነሣም። ጥሩ ጎኑ መለዋወጫ በየቦታው መኖሩ ነው። ግን የምትገዛው አሮጌ ሞተር ታሪኩን የማታውቀው ነው፣ የአንተን ግን ለክተህ ታውቀዋለህ። ከዚያ በላይ የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሰፈረ ነው። ብትቀይር የሞተሩ የግዢ ሰነድ ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ ማስመዝገብ አለብህ። ሰነድ የሌለው ሞተር በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ። ቀለሙም ሊብሬ ላይ አለ፤ ጥቁር ሳትቀባው በፊት ሄደህ አስፈቅድ፣ አለዚያ ቦሎ ስታድስ ይመልሱሃል።

ዕቃ ልትገዛ አዲስ አበባ ስትመጣ ሶማሌ ተራ እንገናኝ። አሮጌውን ዕቃ በእጅህ ይዘህ ና፤ «ለሃይሉክስ ነው» ብቻ ካልክ የሌላ ሞዴል ይሸጥልሃል። ቤልት፣ ጎሚኒና ኩሽኔታ ላይ አትቆጥብ። የበር እጀታ፣ መስታወትና መብራት ግን አሮጌ ኦሪጅናል ከአዲስ ቅጂ ይሻላል።

መኪናውን ሽጠው የሚሉህን ደግሞ አትስማ። በ2012 የኤክሳይስ ታክሱ ያገለገለ መኪና ላይ ከከበደ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ አሮጌ ቶዮታ ዋጋው አልወረደም።

ነጋዴዋ ከመርሳ

ወንድሜ፣ እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ሽንኩርት የማስጭን ሴት ነኝ። ከእኔ ጎን ሆነህ እየው። ፓራውልትህ ቢያብረቀርቅ አንድ ብር አልጨምርልህም። ጭነቴን ሳይበሰብስ ካደረስክልኝ ግን ሁሌ እደውልልሃለሁ።

ካሶኒው ላይ ከቀጭን ቱቦላሬ ከፍ ያለ ፍሬም አሠራ፣ ሸራውን በጎኑ የሚጠቀለል አድርገው። ሽንኩርት አየር ይፈልጋል፤ ድፍን ሸራ ካለበስከው ደሴ እስክትደርስ ያልበዋል። ከሥሩ ርብራብ እንጨት አድርግ፣ ጆንያው ብረቱን አይንካ። ፍሬሙ በቡለን የሚፈታ ይሁን። ሰርግ ሲኖር አውልቀህ፣ አጥበህ፣ ሙሽራ ታጅብበታለህ። ውበት ካልከኝ ይሄ ነው። ጭነቱንም ከአንድ ቶን አታሳልፍ፣ ሌሎቹ ያሳልፋሉ ብለህ አትከተላቸው።

የሐይቅ ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ውጤቱን ይዤ መጣሁ። ከአራቱ ካንዴላ ሦስቱ የሞቱ ነበሩ። ሁለት ኢንጀክተር ያንጠባጥባል፣ አፋቸው ተቀየረ። ኮምፕሬሽኑን ደሴ ላይ አስለካሁት፤ 24፣ 23፣ 24 እና 22 አመጣ። መካኒኩ «ከአዲስ ሞተር ዝቅ ብሏል» ሲለኝ ጋሼ የነገሩኝን ከፍታ አነሣሁበት፤ ትንሽ አሰበና ሳቀ። ሞተሩ አይፈታም ተባለ። አሁን ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሣል። ቤልቱ፣ ጎሚኒዎቹና የፍሬን ዘይቱ ተቀይረዋል። ሻንሲው ደህና ነው፣ ወለሉ ላሜራ ቤት ገብቷል።

ከብሩ ተርፎኛል። ሰፋፊ ጎማውን ልግዛ? አንድ ሰው ያገለገለ አራት ጎማ ከነቸርኬው እሸጥልሃለሁ ብሎኛል። ጥርሱ አላለቀም።

ጋሽ ካምቢዮ፣ ኮምቦልቻ

በጣም ደህና ነው ልጄ፣ ያ ሞተር ገና ብዙ ይሠራል።

ጎማውን ጥርሱን አይተህ አትግዛ፣ ጎኑን አንብብ። አራት አኃዝ ያለው ቁጥር ታገኛለህ። 1215 የሚል ከሆነ በፈረንጅ 2015 በ12ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። እንዲያ ያረጀ ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ይተውህ፤ ጎኑን ስታጥፈው ስንጥቁ ይታይሃል። በጣም ሰፊውም አይጠቅምህም። የአንተ ሃይሉክስ ፊቱም በባሌስትራና በድፍን አክሰል ነው፤ ጎማው ሲሰፋ መሪው ይከብዳል፣ ሲታጠፍ ፓራፋንጎ ይነካል፣ ናፍጣም ይበላል። 205 ባለ 16 አዲስ ጎማ ግዛ፣ የራስህን ቸርኬ አስቀባ።

የሐይቅ ልጅ

እሺ ጋሼ። መብራቱስ?

የሐረጎ ሹፌር

ግጠም እንጂ፣ ወጣት አይደለህ! ግን በራሱ ፊውዝና ሪሌ ከባትሪ ይምጣ፣ ከግንባር መብራቱ ገመድ ላይ እንዳትቀጥለው። ከፊት መኪና ሲመጣም አጥፋው፣ አደራ። ለፊቱ የብረት ፓራውልት ደግሞ ላሜራ ሠሪውን ጠይቀው፤ ከባድ ብረት ካሰረብህ የፊት ባሌስትራህ ነው የሚጎብጠው።

ላሜራ ሠሪው፣ ደሴ

ስስ ቱቦላሬ እናደርግለታለን። ወለሉን ልትወስድ ስትመጣ እንለካለን።